ለእግርዎ ምክንያት ይስጡት

ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ «በእግርዎ ይንቀሳቀሱ» የሚል። ምክሩ ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። የሚያስቸግረው መጀመሩ ሳይሆን መቀጠሉ ነው። ብዙ ሰው ለአንድ ሳምንት ይራመድና «የት ልሂድ?» ብሎ ይተወዋል። ደም ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ስለሚጎዳ የመተዉ ጉዳት የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

በእኔ እምነት «ተራመዱ» ብሎ መሸኘት ብቻውን አይበቃም። እግር ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱ ደግሞ ኪስዎ ውስጥ ካለው ስልክ ሊገኝ ይችላል። በየቀኑ በሰፈርዎ እየዞሩ የረገፈ ቅጠልና አበባ ፎቶ ያንሱ።

ቅጠል የሚረግፈው በብርድ አገር ብቻ አይደለም። በእኛ አገር ብዙ ዛፎች ቅጠላቸውን የሚጥሉት በበጋ ድርቀት ውኃ ለመቆጠብ ነው። ኮርች ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባው ይደምቃል። ጃካራንዳ ሥሩ ያለውን መንገድ ሐምራዊ ምንጣፍ ያለብሰዋል። ባሕር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ያራግፋል። ዛሬ ያዩት ቅጠል ነገ ተጠርጎ ወይም ነፋስ ወስዶት አይገኝም፤ ስለዚህ ነገም ይወጣሉ።

«እየቆሙ ፎቶ ማንሳት ምን እንቅስቃሴ ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ድርጅቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አጫጭር እንቅስቃሴዎችም ተደምረው ይቆጠራሉ። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሄዱ ግን ፈጠን ይበሉ። መነጋገር እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎት ፍጥነቱ በቂ ነው። ይህን በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ካደረጉ 150 ደቂቃው ሞላ።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። አስፋልት ላይ ቆመው ፎቶ አያንሱ፤ ስልክ እያዩም አይራመዱ፤ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። ስኳር ሕመም ያለብዎት ሽፍን ጫማ በካልሲ ያድርጉ። ሕመሙ የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ እሾህ ቢወጋዎ ላይሰማዎት ይችላል፤ ቤት ሲመለሱ መርገጫዎን በደንብ ይመልከቱ። ጉልበትዎን የሚያምዎት ከሆነ አይቀመጡ፤ ቆመው ስልኩን ዝቅ ያድርጉት። አስም ያለብዎት ቅጠል ከሚቃጠልበት ጭስ ይራቁ፤ የሚነፋውን መድኃኒትዎንም ይያዙ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ ከቆላ የመጡ ሰዎች ዳገቱን ቀስ ብለው ይልመዱት።

ደረት የሚያስጨንቅ ሕመም፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎት ወዲያው ቆመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የልብ ሕመም ያለብዎት ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። እርምጃው መድኃኒትን ያግዛል እንጂ አይተካም፤ «ደህና ሆኛለሁ» ብለው ክኒንዎን በራስዎ አያቋርጡ።

ይህ የስፖርት ቤት ክፍያም ሆነ የተለየ ካሜራ አይጠይቅም። ዛሬ ከሥራ ሲመለሱ አንድ ፌርማታ ቀድመው ከታክሲ ይውረዱና የመጀመሪያውን ቅጠል ይፈልጉ።