እርድ የላላ ሰው ሠራሽ ዳሌ አያጠብቅም

ሰው ሠራሽ ዳሌ የተገጠመለት ሰው እርድ እየጠጣ አጥንቱን ይታደጋል የሚለው ጽሑፍ ታካሚን ያሳስታል። በተከላው ዙሪያ አጥንት የሚበላበት ዋናው ሰበብ ከፕላስቲክ ሽፋኑ በፍትጊያ የሚረግፍ ብናኝ ነው። ብናኙን የዋጡት የመከላከያ ሕዋሳት ይቆጣሉ፤ አጥንት በሊታ ሕዋሳትንም ይቀሰቅሳሉ። የእርዱ ኩርኩሚን ይህን ቁጣ ሲያበርድ የታየው በአብዛኛው በቤተ ሙከራ ሕዋሳትና በአይጥ የራስ ቅል ላይ ነው። በአፍ ሲወሰድ ደግሞ ወደ ደም የሚዘልቀው እጅግ ጥቂቱ ነው። ጸሐፊው ይህን ለምን ዘለሉት? ብናኙን በእርግጥ የቀነሰው ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ የተስፋፋው በጨረር የጠነከረ፣ ፖሊኢትሊን የተባለው የሽፋን ፕላስቲክ ነው። አጥንቱ ለዓመታት ያለ ሕመም ሊበላ ይችላል፤ በእርድ ተማምኖ የራጅ ክትትሉን የተወ ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ተከላው ከላላ በኋላ፣ ከባዱ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ሲጠብቀው ነው።