ቤቱን ከመሸጣችሁ በፊት ደረጃውን አስወጧቸው

የቤት ደላላ ምክር ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግድግዳውን ቀለም ቀቡ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አሠሩ፣ ካርታውንና የግብር ደረሰኙን አዘጋጁ ይላችኋል። ቤቱ የጋራ ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ውሉም ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይጸድቃል። ይህን ሁሉ ስሙት።

ደላላው የማይጠይቃችሁ እናታችሁ ከሽያጩ በኋላ እንዴት እንደሚኖሩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ያለውን የድሮ ቤት ሸጦ እናትን ኮንዶሚኒየም ማስገባት ተለምዷል። ባለአራት ፎቆቹ ብሎኮች ሊፍት የላቸውም (ያላቸውም ቢሆኑ መብራት ሲጠፋ ያው ናቸው)። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት የደም ግፊት ቀጠሯቸውን የሚያሳልፉ አዛውንቶችን ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ደረጃው!» ይሉኝ ነበር። ጉልበት ለሚያመው ሰው መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል።

ስለዚህ አዲሱን ቤት ልታዩ ስትሄዱ እሳቸውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ደረጃውን ይሞክሩት። መደገፊያው ይነቃነቃል? የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ያንሸራትታል? ጤና ጣቢያው በእሳቸው እርምጃ ምን ያህል ይርቃል? ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ግን ደላላውን ሳይሆን ታች ያለውን ባለሱቅ ጠይቁ።

ዕድራቸውም አለ። ሰፈር የለቀቀ አባል ምን እንደሚሆን የዕድሩን ዳኛ ቀብድ ሳትቀበሉ አነጋግሩ። ለሃያና ሠላሳ ዓመት የተዋጣበት ነገር ነው።

ገንዘቡን በእሳቸው ስም ባንክ አስገቡት። ልጆች ተካፍለውት እናት በየልጁ ቤት ተራ ጠባቂ ሲሆኑ ብዙ አይቻለሁ።