የጥንቸሏ እውነተኛ መልክ

ልጆቻችሁን «እስቲ ጥንቸል ሳሉልኝ» ብትሏቸው አብዛኞቹ ረጅም ጆሮና ቀይ ዓይን ያላት ነጭ እንስሳ ይስላሉ። ካሮትም ያስይዟታል። ይህቺ ጥንቸል የመጣችው ከተረት መጽሐፍ፣ ከካርቱን ፊልምና ከስልክ ነው። እዚህ ሸዋ ቤንች ማለዳ ከቡና ማሳ ዳር ብቅ የምትለው ግን ነጭ አይደለችም። ጀርባዋ ቡናማና ጥቁር የተደባለቀበት፣ ሆዷ ነጣ ያለ፣ ደረቅ ሣር ውስጥ ጭጭ ብላ ከተቀመጠች ሰው አጠገቧ ደርሶ ሳያያት የሚያልፍ ናት።

አማርኛችን ሁለቱንም «ጥንቸል» ይበላቸው እንጂ የተለያዩ እንስሳት ናቸው። በየቤቱ የሚረቡት ጥንቸሎች ዘራቸው ከአውሮፓ ነው። የእነሱ የዱር ዘመዶች ጉድጓድ ቆፍረው ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም ፀጉር ሳያበቅሉ፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ። የእኛዋ የዱር ጥንቸል ሣር ደፍጥጣ በምታበጃት ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ነው የምትተኛው፤ ልጆቿም ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። የምትደበቅበት ጉድጓድ ስለሌላት ከጠላት የሚያስጥሏት እግሯና የፀጉሯ ቀለም ናቸው።

በአገራችን ከሚገኙት የዱር ጥንቸሎች ሦስቱን ላስተዋውቃችሁ። በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ቆላማ ሜዳዎች የምትታየው የሐበሻ ጥንቸል የምትባለው ናት፤ ሳይንሳዊ ስሟ ሌፐስ ሃቤሲኒከስ ሲሆን የተሰየመችው እ.ኤ.አ. በ1832 ነው። በማዕከላዊውና በባሌ ደጋዎች የምትኖረው ሌፐስ ስታርኪ ናት፤ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አትገኝም፤ ስሟን ያገኘችው ግን እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ሦስተኛዋ ሌፐስ ፋጋኒ ከስምጥ ሸለቆው ወዲህ፣ በእኛ በምዕራቡ በኩል የምትገኘው ናት። እ.ኤ.አ. በ1903 ስም ቢወጣላትም ስለ እሷ የተጻፈው ከሌሎቹ ያነሰ ነው።

ሦስቱን በዓይን ብቻ መለየት ባለሙያንም ያስቸግራል። ሲለዩ ግን የት የት እንደሚያዩ ማወቅ ይጠቅማል፤ ማጅራቷ ላይ ያለው ፀጉር፣ የጆሮዋ ጫፍና ጠርዝ፣ የጅራቷ የላይኛው ገጽ። ልብ በሉ፤ የሚታየው ሁሉ ቀለም ነው። ማጅራቷ ግራጫ ነው ወይስ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ? የጆሮዋ ጫፍ ጥቁር ነው ወይስ አይደለም? ቀለሙ ለጥንቸሏ መታወቂያዋ ነው። ፎቶው ላይ ቀለሙ ከተለወጠ መታወቂያዋ ላይ የሌላ ሰው ስም እንደመጻፍ ነው።

ችግሩ ደግሞ የእኛ አገር ብርሃን ነው። ቡናችን የሚያድገው በጥላ ሥር ነው። ዋንዛው፣ ሰሳውና ሌላውም ዛፍ ከላይ ይሸፍነዋል። ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቀዩንና ሰማያዊውን አብዝቶ ይውጣል፤ አረንጓዴውን ግን ያንጸባርቃል፣ ያሳልፋልም። ስለዚህ ከዛፍ ሥር ያለው ብርሃን ራሱ አረንጓዴ ነው። የሰው ዓይንና አእምሮ ይህንን ወዲያው ያስተካክሉታል። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ቡና ማሳ ውስጥ ስታልፍ ነጠላዋ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየን። ካሜራ ግን ያየውን ነው የሚመዘግበው። የነጠላውን ጥለት ሳይቀር አረንጓዴ ቀብቶት ይመጣል።

የእህቴ ልጅ ሚዛን ነው የሚኖረው፤ ፎቶ ማንሳት ይወዳል። ባለፈው ነሐሴ ሸዋ ቤንች ዘመድ ጥየቃ ወጥቶ ከማሳ ዳር አንዲት ጥንቸል አነሳና ሁለት ፎቶ ላከልን። አንደኛው እንዳለ የተነሳው ነው፤ ጥንቸሏ ሻጋታ የያዛት ትመስላለች። ሁለተኛውን በስልኩ «አሳምሮታል»። አረንጓዴውን ለማጥፋት ቀለሙን ወደ ቀይ ገፍቶ፣ ድምቀቱን ጨምሮ፣ ጥንቸሏን ቀበሮ አስመስሏታል። ቤተሰቡ በሙሉ ሁለተኛውን አደነቀ። ዕድሜዋን በቡና ለቀማ ያሳለፈችው አክስቴ ብቻ ስልኩን ጠጋ አድርጋ አየችና «በነሐሴ ቡና በስሎ ነው እንዴ?» አለች።

ከጥንቸሏ ኋላ የነበረው የቡና ፍሬ ገና ጥሬ አረንጓዴ ነበር። በተስተካከለው ፎቶ ላይ ግን ሊበስል የደረሰ ፍሬ መስሎ ቢጫ ወደ ቀይ ሆኗል። አክስቴ ስለ ካሜራ የምታውቀው ነገር የለም። ቀይ እሸቱን ከጥሬው ለይቶ መልቀም ግን ሥራዋ ነው፤ የፍሬ ቀለም አያታልላትም። «ቡናው ውሸት ከሆነ ጥንቸሏስ በምን እውነት ትሆናለች?» ስትለው ልጁ መልስ አጣ።

እኔ ከዚህ የተሻለ የቀለም ማስተካከያ ትምህርት አላውቅም። ፎቶ ስታስተካክሉ ጥንቸሏን ብቻ አትዩ፤ ቀለሙን በደንብ የምታውቁትን ነገር በፎቶው ውስጥ ፈልጉ። የበሰለ ቡና፣ የቡና አበባ፣ የደረቀ አፈር፣ የራሳችሁ እጅ። ያ ነገር እንደምታውቁት ከመጣ ጥንቸሏም ተከትላ ትመጣለች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ሥራው የሚጀምረው ገና ከማንሳት በፊት ነው። ካሜራችሁ ወይም ስልካችሁ ሮው የሚባለውን ጥሬ ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ በእሱ አንሱ። ጄፔግ ካሜራው ራሱ «አብስሎ» የሚሰጣችሁ ምስል ስለሆነ በኋላ ለመመለስ ያስቸግራል። ለፎቶ ሥራ የሚሸጠውን ግራጫ ካርድ ካገኛችሁ ጥንቸሏ ከሄደች በኋላ እሷ የነበረችበት ቦታ አስቀምጣችሁ፣ ብርሃኑ ሳይለወጥ አንድ ፎቶ አንሱ። የደብተር ነጭ ወረቀት ሁልጊዜ አይታመንም፤ ብዙ ወረቀት ነጭ እንዲመስል ሰማያዊነት የሚሰጥ ነገር ይጨመርበታል።

ቤት ስትገቡ ዋይት ባላንስ የሚባለውን ማስተካከያ ክፈቱ። እዚያ ሁለት መስመሮች ታገኛላችሁ። አንዱ በኬልቪን የሚለካው ነው፤ የቀትር ፀሐይ ወደ 5500 ይጠጋል፣ የጥላ ብርሃን 7000ን ያልፋል። ይህ መስመር የሚያስተካክለው ሰማያዊንና ቢጫን ነው። የእህቴ ልጅ ሲታገል የነበረው ከዚህኛው ጋር ነው። የእኛ ጥላ ችግር ግን አረንጓዴ ስለሆነ መፍትሔው ያለው ቲንት በሚባለው በሁለተኛው መስመር ነው። እሱን ከአረንጓዴ ወደ ማጀንታ፣ ማለትም ወደ ሐምራዊው ወገን፣ ጥቂት በጥቂት ግፉት። የግራጫው ካርድ ፎቶ ካላችሁ ደግሞ መምረጫዋን ካርዱ ላይ ነክታችሁ የተገኘውን ቁጥር ለጥንቸሏ ፎቶ ስጡት። ሳቹሬሽን የሚባለውን የድምቀት መጨመሪያ በመጨረሻ፣ ያውም ካስፈለገ ብቻ ንኩት።

ስታስተካክሉ የስልካችሁን የማታ ብርሃን መቀነሻ አጥፉ፤ እሱ ስክሪኑን ቢጫ ያደርገዋል። ሠርታችሁ ስትጨርሱም ወዲያው ለሰው አትላኩ፤ በማግስቱ ዓይናችሁ ካረፈ በኋላ እንደገና እዩት። የሆዷን ፀጉር ደግሞ እንደ ሳሙና ማስታወቂያ አታንጡት። ሣር ላይ የተቀመጠች እንስሳ ሆዷ ላይ ትንሽ የሣር ነጸብራቅ ያርፍባታል፤ ያ እውነት ነው።

ንጋት ላይ የሚወርደው ወርቃማ ብርሃንስ? እሱም የነበረ ነገር ስለሆነ ጨርሶ ማጥፋት አያስፈልግም። እኔ ሁለት ቅጂ እንዲያስቀምጡ እመክራለሁ፤ አንዱ ማለዳው እንደታየ ለግድግዳ፣ ሌላው ብርሃኑ ተስተካክሎ የፀጉሯ ቀለም በግልጽ የሚታይበት ለመዝገብ።

«ለአንዲት ጥንቸል ይህ ሁሉ ጣጣ?» የሚል አይጠፋም። ትልልቆቹም ተቸግረውበታል። ናሽናል ጂኦግራፊክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 እትሙ የጊዛን ፒራሚዶች ሽፋኑ ላይ እንዲበቁለት አቀራርቦ በማውጣቱ ለዓመታት ተወቅሷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከሚያዘጋጀው የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር አንድ አሸናፊ ምስል ተሰርዟል፤ ምስጥ በሊታው እንስሳ ነፍስ የሌለውና ተሞልቶ የደረቀ ነው ብለው ባለሙያዎች ስለደመደሙ ነው፤ ፎቶግራፈሩ ግን አስተባብሏል። እንዲህ ያሉ ውድድሮች ብርሃንና ቀለም ማስተካከልን አይከለክሉም። የሚከለክሉት ተመልካችን ማሳሳትን ነው። ልዩነቱ ያለው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በመጨረሻው ላይ ነው፤ ምስሉ ወደነበረው ነገር ተመለሰ ወይስ ከነበረው ራቀ?

ልጆች ይዛችሁ የምትወጡ ወላጆች አንድ ሁለት ነገር አስጠንቅቋቸው። ጥንቸል አይባረርም። ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ከመሮጥ ይሻላል፤ ካሜራውን ወደ ዓይኗ ከፍታ ዝቅ ማድረግም ምስሉን ያሳምረዋል። ፍላሽ አይበራባትም፤ ያስደነግጣታል፣ የፀጉሯንም ቀለም ያበላሻል። ሣር ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች ግልገል ካገኙ እንዳያነሷት፤ እናትየዋ ጥላት ሄዳ አይደለም። ጠላት እንዳይከተላት አብዛኛውን ሰዓት ርቃ ትቆይና ለማጥባት ትመለሳለች።

ቡናውም፣ ደኑም፣ መንደሩም እየተለወጠ ነው። ነገ አንድ ተማሪ «ሸዋ ቤንች ውስጥ ምን ዓይነት ጥንቸል ነበረች?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ የሚገኘው ከመጻሕፍት ይልቅ ከእናንተ ስልክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከፎቶው ጋር ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቀበሌውን ስም ጻፉ። ምን እንዳስተካከላችሁም አንድ መስመር ጨምሩ። ያልተነካውንም ዋናውን ፋይል አታጥፉት። ከማሳመራችሁ በፊት ደግሞ ቤት ውስጥ ቡና የምታውቅ ሴት ካለች ፎቶውን አሳዩአት።