ያለው በነፃ፣ የሌለው በክፍያ

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ወላጅ “በነጥቡ ገባ” ይላል፤ ከዚያ በኋላ ወጪውን ማን ቻለው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። አባቱ ሐይቅ ከተማ መሐል ፎቅ የሠራ ነጋዴ ይሁን፣ እናቱ ከአምባሰል ገጠር ማሽላ ተሸክማ ውጫሌ ገበያ የምትወርድ ትሁን፣ መንግሥት ሁለቱንም እኩል ያስተምራል፣ እኩል ያበላል፣ እኩል ያሳድራል። ብዙ ሰው ይህን ፍትሕ ይለዋል። እኔ ደግሞ ከድሃ ጓዳ ቀንሶ ለባለፎቁ መጨመር ነው እላለሁ።

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሁሉ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ተማሪው “ኮስት ሼሪንግ” የሚለው ነው። የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይመልሳል። የቀረው በሕዝብ ትከሻ ላይ ነው። ተምሮ ገቢ ሲያገኝ የሚከፈል ዕዳ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው ዘዴ ነው፤ እዚያ ግን ሠራተኛው ሁሉ ከነገቢው ግብር ሰብሳቢው መዝገብ ላይ አለ። እኛ ዘንድ መዝገቡ ላይ የሚገኘው ደመወዝተኛው ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ገጠር የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛ በየወሩ ይቆረጥበታል። አብሮት የተመረቀው የነጋዴ ልጅ አባቱ ሱቅ ገብቶ ይሠራል፤ የደመወዝ መክፈያ ላይ ስሙ ስለሌለ የሚቆርጥበት የለም። ዕዳውን እስኪከፍል ኦሪጅናል ዲግሪው ይያዝበታል፤ እሱ ምን ቸገረው? ሱቁ ዲግሪ አይጠይቀውም። ብር በየዓመቱ ሲረክስ ዕዳውም አብሮ ይረክሳል። ግቢ ውስጥ ሳለም ቢሆን የካፌው ወጥ አልስማማ ሲለው “ኖን ካፌ” ብሎ የቀለብ ገንዘቡን በእጁ ይቀበላል፤ ለእሱ የኪስ ገንዘብ ነው።

በሩን ማን እንዳለፈ ደግሞ እንይ። በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ናቸው። ሐይቅና አምባሰል የ2014ን ትምህርት የጀመሩት የሰሜኑ ጦርነት ደጃቸው ደርሶ ነው፤ በዚያው መኸር ከተሞቹ ተይዘው ከርመዋል፣ የትምህርት ቤት ዕቃም ተዘርፏል። ትንፋሽ ሳያገኙ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። በዚህ መሐል የተዘጋ ትምህርት ቤት ተማሪ እና ደሴ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ተልኮ፣ አስጠኚ ተቀጥሮለት የተማረ ልጅ አንድ ወረቀት ላይ ይፈተናሉ። ውጤቱ የጭንቅላት ብቻ ነው የሚለኝ ካለ እሱ ራሱ አስጠኚ ቀጥሮ አያውቅም ማለት ነው።

ሁለት ነጥብ ጎድሏት የቀረችዋ የአምባሰል ልጅ ምን ትሆናለች? ነጥብ ለጎደላቸው የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት (“ሪሜዲያል”) ዕድል ካልደረሳት የሚቀራት ደሴ ካሉት የግል ኮሌጆች አንዱ ነው። እዚያ የወጪ መጋራት ውል የለም፤ ተምረሽ ትከፍያለሽ የሚል ባንክም ለድሃ ልጅ በቀላሉ አይገኝም። ምዝገባው፣ የወር ክፍያው፣ የቤት ኪራዩ ከእጅ ወደ እጅ ነው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል፦ ጅዳ ወይም ሪያድ ሰው ቤት ከምትሠራው እህቷ። ታላቂቱ ትምህርቷን አቋርጣ ታናሺቱን ታስተምራለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጎረቤቱ “እነሱማ አላቸው፣ ልጃቸውን በግል ያስተምራሉ” ይላል። አገሬ ውስጥ ሀብታም የሚባለው ከፍሎ የሚያስተምረው ሆኗል፤ በነፃ የሚያስተምረው ባለፎቅ ደግሞ ጎበዝ ወላጅ ይባላል።

እንግዲህ ከፍ ያለ ገቢ ያለው ቤተሰብ ልጁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የምግቡን፣ የመኝታውንና የትምህርቱን ትክክለኛ ወጪ በየዓመቱ ይክፈል የምለው ለዚህ ነው። ልጁ ነጥቡን አምጥቷልና ቦታው አይነካበት፤ ነጥብ ለወንበር እንጂ ለድጎማ መለኪያ አይሁን።

“የሰው ገቢ እንዴት ይታወቃል?” የሚለውን ጥያቄ እንደ ጋሻ የሚያነሱት ባለሥልጣናት ሐይቅ ይምጡ። በ2003 ዓ.ም. የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲሞከር በአማራ ክልል ከተመረጡት ጥቂት ወረዳዎች አንዷ የሐይቅ ወረዳ፣ ተሁለደሬ፣ ነበረች። ያኔ መዋጮውን መክፈል የማይችለው ማን እንደሆነ ተለይቶ፣ ለእሱ መንግሥት እንዲከፍል ተደርጓል። ሴፍቲኔትም ቢሆን ከ1997 ጀምሮ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ቀበሌው ተሰብስቦ ማን ይግባ ማን ይውጣ ይላል። አድልዎ አልነበረም አልልም፤ ነበር። ግን አድልዎን ፈርቶ ባለፎቁንና የሴፍቲኔት ተረጂውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ራሱ ትልቁ አድልዎ ነው። ነጋዴው ደረጃ “ሀ” ግብር ከፋይ መሆኑን ገቢዎች ያውቃል። ማን ስንት በሬ እንዳለው፣ የማን ልጅ ከውጭ እንደሚልክ ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ያውቃል። ለመድን መዋጮ የሚታወቅ ድህነት ለትምህርት ሲሆን የሚጠፋው ለምንድነው?

“ግብር ከፍያለሁ” የሚለው ሙግት የተሻለ ነው፤ እውነትም አለው። ግን ማሽላ ሸጣ ጨውና ሳሙና የምትገዛዋም በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ግብር ትከፍላለች፤ ልጇ ግን ግቢውን አላየም።

ሌሎች ደግሞ ወደ ጥንቱ ይወስዱኛል። ከአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጀምሮ ሊቃውንት ያፈራው ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚሁ ነው፤ በቆሎ ትምህርት ቤት ደግሞ የባላባቱም ልጅ እንደ ድሃው ልጅ አኮፋዳ ይዞ “በእንተ ስማ ለማርያም” ይል ነበር ይሉኛል። ልክ ነው። የወሎ ደረሳም፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪው፣ የማንም ልጅ ይሁን መንደሩ ያበላዋል። ግን አኮፋዳውን ማን ሞላው? ያለው እንጀራ፣ የሌለው ቆሎ። ሰጪው እንደ አቅሙ ነበር የሚሰጠው፤ ባላባቱም ልጁን ሲልክ የሌላውን ልጅ በደጁ ይመግብ ነበር። የዛሬው ባለፎቅ የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን ትቷል።

አንድ ስጋት ግን እጋራለሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በክፍያ የሚማሩ መቀበል ጀምሯል፣ ሌሎችም ይከተሉታል። ክፍያው በገቢ ካልተመዘነ ወንበሩ ለገንዘብ ይሸጣል፤ ያኔ አምባሰል ነጥቡንም ድጎማውንም ያጣል። ባልና ሚስት መምህራንንም ደመወዛቸው ወረቀት ላይ ስለሚታይ ብቻ ከነጋዴው እኩል ማስከፈል ግፍ ነው፤ የእነሱ ድርሻ ጥቂት ይሁን፣ ሁለት ልጅ ባንድ ጊዜ ካስተማሩም ይቀነስላቸው። ከባለፎቁ የተሰበሰበው ደግሞ የወጪ መጋራቱን ውል ዕውቅና ባለው የግል ኮሌጅ ለሚማሩ የድሃ ልጆች ማድረሻ ይዋል፤ የጅዳዋ እህት ደመወዟን ለራሷ ታስቀር።

ነጋዴው ወዳጄ ይህን ሲያነብ “እኔ በዓመት ይህን ያህል ከፍዬ ልጄ ምንም ካልከፈለ የገበሬ ልጅ ጋር አንድ ዶርም ሊያድር?” እንደሚለኝ አውቃለሁ። አዎ፣ ጋሼ፣ አንድ ዶርም፤ አልጋውም ያው ተደራራቢው ነው።