«ኬሞ ነው ያከሳው» ብላችሁ ዝም አትበሉ

«ዶክተር፣ ኬሞ ከጀመረ ወዲህ ሰውነቱ አለቀ። ብናቋርጠው አይሻልም?»

በውስጥ መስመር ደጋግሞ ከሚደርሰኝ ጥያቄ አንዱ ይህ ነው። የምጠየቀው አንዳንዴ በእናት፣ አንዳንዴ በታማሚው በራሱ ነው። አቋሜን በግልጽ ልንገራችሁ፦ ኬሞውን በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡ። መክሳቱንም «ኬሞ እንዲህ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ክብደት መቀነስ ልክ እንደ ትኩሳት ለሐኪም መነገር ያለበት ምልክት ነው።

መጀመሪያ ታማሚውን መውቀስ እናቁም። «ብላ ስትባል እምቢ ስለምትል ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። በካንሰር ምክንያት የሚመጣው መክሳት በሕክምና ካኬክሲያ ይባላል፤ ከተራ ረሃብም ይለያል። ጤነኛ ሰው ሲራብ ሰውነቱ ጉልበት ይቆጥባል፣ ጡንቻውን አስቀርቶ በተቻለ መጠን ስቡን ያቃጥላል። በካኬክሲያ ጊዜ ግን ከዕጢው የሚወጡ ንጥረ ነገሮችና የሰውነት መቆጣት ስቡንም ጡንቻውንም አብረው ያፈርሳሉ፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋሉ። ስለዚህ ብዙ በማብላት ብቻ አይመለስም።

ኬሞውስ ድርሻ የለውም? አለው። ማቅለሽለሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥ፣ የምግብ ጣዕም መለወጥ ሁላችሁም የምታውቋቸው ናቸው። ብዙም የማይነገረው በስብ ሴሎች ላይ የሚያደርሰው ነው። ስብን እንደ ትርፍ ነገር እናየዋለን እንጂ የሰውነት የጉልበት ጎተራ ነው፤ ሆርሞንም ያመነጫል። በአዋቂ ሰው ውስጥ በየዓመቱ 10 በመቶ ያህሉ የስብ ሴል በአዲስ ይተካል። አዲሶቹ የሚመጡት ገና ካልበሰሉ እናት ሴሎች ነው። እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ የኬሞ መድኃኒቶች እነዚህ ሴሎች ወደ ሙሉ የስብ ሴልነት እንዳያድጉ ሊያግዱ እንደሚችሉ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ጎተራው እየተራቆተ ሳለ ጠጋኙም ሥራ ይፈታል ማለት ነው።

ስብና ጡንቻም የተያያዙ ናቸው። በ2011 የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ስብን የሚያፈርሰው ኢንዛይም የሌላቸውን አይጦች ሲያጠኑ፣ አይጦቹ ዕጢ እያለባቸውም ስባቸው ብቻ ሳይሆን ጡንቻቸውም ተርፎ አገኙት። ይህ ለሰው የሚሰጥ ሕክምና አይደለም፤ ስቡ ሲያልቅ ዝም ብለን ማየት እንደሌለብን ግን ያስተምረናል። በጣም የከሳ ሰው ኬሞውን መሸከም ያቅተዋል፤ ቀጠሮው ይራዘማል፣ መጠኑ ይቀነሳል፣ ኢንፌክሽንም በቀላሉ ይይዘዋል።

መቼ እንናገር? በ6 ወር ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ ከቀነሰ። 60 ኪሎ የነበረ ሰው 3 ኪሎ ቀነሰ ማለት ነው። ድሮውንም ቀጭን ለነበረ ሰው ከ2 በመቶ በላይ ይበቃል።

ወላጆች ሆይ፣ ሚዛን ሊያታልላችሁ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ልጅ ፊቱ ሞልቶ ክንዱና እግሩ ሊከሳ ይችላል። ትልቅ ዕጢ ወይም በሆድ የተጠራቀመ ውኃም ኪሎውን ይደብቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚጠቀሙባትን የክንድ መለኪያ ታውቋታላችሁ፤ ክንዱም እንዲለካ ጠይቁ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ለወራት ኪሎ ካልጨመረም ጤናማ አይደለም።

ምን እናድርግ?

1. በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን ለኩና ጻፉ። በየኬሞው ቀጠሮም መመዘኑን አረጋግጡ። የብዙዎቹ ኬሞ መጠን የሚሰላው በቁመትና በክብደት ስለሆነ የድሮ ኪሎ መጻፍ የመጠን ስህተት ያመጣል።

2. ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይመገብ። 50 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን ከ50 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው። ገንፎው ወይም አጥሚቱ ላይ ወተት፣ ቅቤ፣ ዘይት ወይም የለውዝ ቅቤ ጨምሩ። ኩላሊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር።

3. «ጉልበት ይሰጣል» ብላችሁ ጥሬ ሥጋ፣ ያልበሰለ ክትፎና ያልፈላ ወተት አትስጡ። ነጭ የደም ሴሉ ሲወርድ ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል ኢንፌክሽን ያመጣል።

4. ጾምን በተመለከተ ከሃይማኖት አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ በክርስትናውም በእስልምናውም ለሕመምተኛ ፈቃድ አለ። «ካንሰሩን ላስርበው» ብሎ ምግብ መተው ግን አስቀድሞ የሚያስርበው ታማሚውን ነው።

5. አቅም እስካለው ድረስ በየቀኑ ትንሽ ይራመድ። ጡንቻ የሚቆየው ሲሠራ ነው።

6. የአፍ ቁስሉን፣ ማቅለሽለሹን፣ ተቅማጡን ሳትደብቁ ተናገሩ። ለእነዚህ መድኃኒት አለ።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። በሽታው በጣም ገፍቶ ሲሄድ ምግብ ሰውነትን የማይመልስበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ በግድ ማጉረስ ታማሚውን ያሰቃያል እንጂ አይጠቅመውም። ከንፈሩን አርጥቡለት፣ የሚወደውን አቅምሱት፣ አጠገቡ ተቀመጡ። ይህም እንክብካቤ ነው። እዚያ ደረጃ መደረሱን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም።

ለእኛ ለባለሙያዎችም አንድ ቃል፦ ታማሚው ከመድኃኒቱ በፊት ሚዛን ላይ ይውጣ። ካለፈው ቀጠሮ ጋር እናወዳድረው። ቤተሰቡ «ከሳብን» ሲለን «የሚጠበቅ ነው» ብለን አንሸኘው።

በቀጣዩ ቀጠሮ ይህን ጠይቁ፦ «ካለፈው ስንት ኪሎ ቀነሰ? ምን እናድርግ?» መጠየቅ መብታችሁ ነው። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ላለበት ቤተሰብ ሼር አድርጉለት።

ጤና ይብዛላችሁ!