የካርዱ ኮከብ ለማን ነው?

በዚህ እትም ስለ ክሬዲት ካርድ እናወራለን። ጎሮም ካምፕ ተቀምጠን ክሬዲት ካርድ ምን ያደርግልናል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ኮኞ ኮኞ ገበያ በካርድ ሽንኩርት የሚሸጥልን የለም። ነገር ግን አሜሪካ የገባው ልጃችን ወይም እህታችን የሚልኩልን ገንዘብ አንዳንዴ የሚወጣው ከዚሁ ካርድ ነው። ገንዘቡ ጁባ ይደርሳል፤ ዕዳው እዚያው ይቀራል፣ እኛ አናየውም።

ክሬዲት ካርድ ባጭሩ ዱቤ ነው። የካምፑ ባለ ሱቅ ራሽን እስኪመጣ በደብተር እየጻፈ እንደሚሰጠን ባንኩም ይሰጣል። (አንዳንዱ ባለ ሱቅ ዋጋ ጨምሮ እንደሚጽፍ እናውቃለን፣ እሱን ሌላ ጊዜ እናነሳዋለን።) በካርዱ ዕቃ ገዝቶ ሂሳቡን በቀኑ ሙሉ በሙሉ የከፈለ ሰው ወለድ የለበትም። ጥቂት ከፍሎ ቀሪውን ያሳደረ ግን ወለድ ይቆጠርበታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ አማካዩ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው።

ካርዱ ብዙ ዓይነት ስለሆነ እያወዳደሩ ኮከብ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። የዓመት ክፍያውን፣ ወለዱን፣ ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠውን ስጦታ፣ በየግዢው ተመላሽ የሚሆነውን ገንዘብ ይመዝናሉ። ጄ.ዲ. ፓወር የሚባለው ደንበኞችን እየጠየቀ እርካታቸውን ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመው ኮንሱመር ሪፖርትስ ከሚመዝናቸው ኩባንያዎች ማስታወቂያ አይቀበልም። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ግን አንባቢው በእነሱ በኩል ካርድ ሲያወጣ ከባንኩ ኮሚሽን ያገኛሉ፤ ይህንንም በደቃቅ ጽሑፍ ይገልጹታል። ይዋሻሉ ማለታችን አይደለም። ግን ደላላ ያሞገሰውን ቤት ጎረቤት ሳይጠይቅ የሚከራይ ማን ነው?

ሌላም ነገር አለ። አምስት ኮከብ ያገኘው ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመቸው በአውሮፕላን ለሚመላለስና ዕዳውን በየወሩ ለሚዘጋ ሰው ነው። አዲስ ገቢ ዘመዳችን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መያዣ የሚጠይቀውን ካርድ ነው፤ 200 ዶላር ያስይዛል፣ እስከ 200 ዶላር ዱቤ ይፈቀድለታል። ስጦታ የሚባል ነገር ላይኖረው ይችላል፣ ግን ለእሱ የሚበጀው ይሄው ነው፣ ምክንያቱም ስም ያስገነባዋል። እዚያ አገር የሰው ብድር ከፋይነት በነጥብ ይለካል። ፊኮ የሚባለው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ሲሆን 35 በመቶው የሚመጣው በወቅቱ ከመክፈል ነው። ቤት አከራዩም ይህንን ያያል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ከመታገዱ በፊት በአይ.ኦ.ኤም በኩል የሄዱ ወገኖቻችን የፈረሙት የአውሮፕላን ትኬት ብድርም ወለድ ባይኖረውም አከፋፈሉ በዚሁ መዝገብ ይገባል።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። በክሬዲት ካርድ ገንዘብ መላክን አብዛኞቹ ባንኮች እንደ ግዢ አይቆጥሩትም፤ ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር ነው የሚያዩት፣ ስሙም ካሽ አድቫንስ ይባላል። ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ወይም 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የበለጠው፣ ወዲያው ይቆረጣል። የእፎይታ ቀን የለውም፣ ወለዱ ከዚያው ዕለት ይጀምራል፤ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋም ብዙ ነው። እንግዲህ 200 ዶላር ላኩልን እንበል። 10 ዶላር ወዲያው ሄደ። ዕዳው ሳይከፈል በቆየ ቁጥር በየወሩ 5 ዶላር ገደማ ይጨመራል። የአስተላላፊው ድርጅት ክፍያ ከዚህ ውጭ ነው። ኮከብ ሰጪዎቹ ይሄን ብዙም አይመዝኑትም፣ የእነሱ አንባቢ ለካምፕ ገንዘብ አይልክማ።

ስለዚህ ስልክ ስንደውል «ዛሬውኑ ላክልን» ከማለታችን በፊት ከየትኛው ካርድ እንደሚልክ እንጠይቀው። ዴቢት ካርድ መልኩ ከክሬዲት ካርድ ጋር አንድ ነው፣ ገንዘቡ የሚወጣው ግን ከራሱ ሂሳብ ነው። ሂሳቡ ባዶ ከሆነና የእኛም ነገር የሕክምና ካልሆነ ደመወዙ እስኪገባ እንታገሥ። አዲስ ካርድ ሊያወጣ ያሰበ ካለም፣ ባንኩ ወለዱንና ክፍያዎቹን በአንድ ሰንጠረዥ እንዲያሳይ የአሜሪካ ሕግ ያስገድደዋል። ኮከቡን ትቶ እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ካሽ አድቫንስ የሚለውን መስመር ያንብብ።