የዋንጫው አምበል የማን ነው?

ወደ ወሎ የወረድኩት ለለቅሶ ነበር። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ዘመዶቻችን “ትንሽ ነፋስ ይንካችሁ” ብለው ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ ይዘውን ወጡ። አርዲቦን የማያውቅ አንባቢ ካለ አልፈርድበትም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፍ መንገደኛ የሚያውቀው የታችኛውን፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ሐይቅ ነው። አርዲቦ ከእሱ በላይ ተራራ መሀል ተሸሽጓል። ከአርዲቦ የሚተርፈው ውኃ ወርዶ የሚገባው ግን እዚያው ዝነኛው ሐይቅ ውስጥ ነው።

ዳርቻው ላይ ዓሣ ሲጠበስ ወሬው ኳስ ሆነ። ወንዶች በተሰበሰቡበት ለቅሶ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ወሬው ኳስ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገሩን የጀመረው አንድ ታንኳ የሚቀዝፍ ወጣት ነው። “የብሔራዊ ቡድናችን የምን ጊዜም ምርጥ ሴንተር ፎር ማነው? እስቲ ሦስት ጥሩ!” አለ። ሌላው እስኪናገር ሳይጠብቅ ራሱ ሳላዲን ሰኢድን አንደኛ፣ ጌታነህ ከበደን ሁለተኛ፣ አዳነ ግርማን ሦስተኛ አደረገ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ሳቁበትና “አብሽር ልጄ፣ ኳስ የተጀመረው አንተ ከተወለድክ ወዲህ ነው እንዴ?” ብለው መንግሥቱ ወርቁ፣ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ሙሉጌታ ከበደ ሲሉ ደረደሩ። ከዚያ ልጁ ወደ እኔ ዞረ፦ “ጋሼ፣ አንቱስ?”

“ሉቺያኖ ቫሳሎን የት ጣላችሁት?” አልኩ።

ልጁ “እሱ ጣሊያን አይደል እንዴ?” አለ። መምህሩ ደግሞ በትሕትና አረሙት፦ “የለም፣ ኤርትራዊ ነው። እሱን እንግዲህ እነሱ ይቁጠሩት።”

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጠብ።

ስለ ልጁ ዝርዝር ብዙ አልልም። ሰው ያየውን ይወዳል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ጎሎቹን ያገቡት አዳነና ሳላዲን ናቸው። ያን ቀን ያየ ወጣት እነሱን ከላይ ቢያስቀምጥ ምን ይደንቃል? ደቡብ አፍሪካ ላይ ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት መትቶ የዛምቢያው በረኛ ምዊኔ ስላዳነበት ብቻ ስሙን የሚያጣጥሉ አሉ። ግፍ ነው። ጌታነህም ቢሆን በ2014 ካሜሩን ላይ ቡርኪና ፋሶን አቻ ያደረገበት ፍጹም ቅጣት ምት አለው።

የመምህሩ ዝርዝር ግን የተማረ ሰው ዝርዝር ነውና አጥብቄ ልጠይቀው። ይድነቃቸውን ሁለተኛ ያደረጉት ለጊዮርጊስ አገባ በሚባሉት ከ300 በላይ ጎሎች ነው። የክለብ ጎል ለብሔራዊ ቡድን ደረጃ መለኪያ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ይድነቃቸው ታላቅ ሰው ነው፤ ዋንጫውን ያነሳው ቡድን አሠልጣኝ ነበር፣ ከ1964 እስከ 1979 የአፍሪካን እግር ኳስ መርቷል። ወንበሩ ትልቅ ስለነበረ ግን ማልያውንም እናስረዝምለት ማለት ሌላ ነገር ነው። እኛ አገር ባለሥልጣን የሆነ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ በሁሉም ነገር አንደኛ ይሆናል፤ ክፍል ውስጥም አንደኛ ነበር፣ በልጅነቱም ዛፍ የሚወጣ እሱ ነበር ይባላል።

መንግሥቱ ወርቁ አንደኛ ነው፤ በዚህ ከመምህሩ ጋር ልዩነት የለኝም። በአፍሪካ ዋንጫ መድረክ ብቻ 10 ጎል አለው። የካሜሩኑ ኤቶ 18፣ የኮትዲቯሩ ፖኩ 14 እንዳላቸው ስታስቡት የእኛው ሰው ከማን ጋር እንደሚቆጠር ይገባችኋል።

አሁን ወደ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እንመለስ። እስከ ዛሬ ያለን የአፍሪካ ዋንጫ ያ አንዱ ነው። ግብጾች በ35ኛው ደቂቃ መሩን። በ74ኛው አቻ ሆንን። አንድ ደቂቃ ሳንቆይ እንደገና መሩን። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው 2 ለ 2 ያደረገው አምበሉ ሉቺያኖ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛዋን አስቆጠሩ። እስቲ የ84ኛውን ደቂቃ ጎል አንሷት። ጭማሪ ሰዓት የለም። የመንግሥቱ የ117ኛ ደቂቃ ጎል የለችም። ከጃንሆይ እጅ ዋንጫ የሚቀበል ኢትዮጵያዊ አምበልም የለም።

“ሉቺያኖ እኮ ከኋላ እየተነሳ የሚጫወት እንጂ ንጹሕ ሴንተር ፎር አልነበረም” የሚል ካለ ይምጣ፤ ይሄ የኳስ ክርክር ነው፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፣ ምናልባትም ይረታኛል። አርዲቦ ዳር ግን ስለ ቦታው ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። የተነሳው አባቱ ነው።

አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። የተወለደው በ1927 አስመራ ላይ፣ የሞሶሎኒ ጦር እኛን ለመውረር እዚያው በሚከማችበት ዓመት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ጣሊያኖቹ ምን እንዳደረጉት ታውቃላችሁ? በ1932 የወጣው የፋሺስት ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ “ልጄ ነው” ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ሕጉ “ይሄ የእኛ አይደለም” አለ። እኛ ደግሞ ዋንጫውን ከተቀበልነው በኋላ “ይሄማ የእነሱ ነው” እንላለን። እንዴ! ታዲያ የማን ሊሆን ነው? ኤርትራዊነቱንም ካነሳን፣ ያ ጨዋታ በተደረገበት ቀን ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ነበረች። ፌዴሬሽኑ የፈረሰው በኅዳር 1955፣ ማለትም አሥር ወር ቆይቶ ነው። ሰውየው የማንንም ማልያ አልተዋሰም። ለድሬዳዋው ኮተን ሲጫወት የሚያውቁት ሰዎች “የየት አገር ሰው ነህ?” ሊሉት አይችሉም ነበር። በ1970 በደርግ ዘመን ከአገር ወጣ፤ መስከረም 6 ቀን 2015 ሮም ውስጥ አረፈ።

ይህን ሁሉ በልበ ሙሉነት የምናገረው ንጹሕ ስለሆንኩ አይደለም። በ1991 ዓ.ም.፣ ባድመ ላይ ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት፣ አዲስ አበባ ላይ ጎረቤቶቻችን በሌሊት ተጠርተው በአውቶቡስ ወደ ድንበር በሚጫኑበት ጊዜ፣ በአንድ ጋዜጣ የስፖርት ገጽ ላይ “የምን ጊዜም አሥር ምርጥ አጥቂዎቻችን” ብዬ ጽፌ ነበር። ሉቺያኖ የለበትም። ኢታሎም የለበትም። ማንም አላዘዘኝም፤ አዘጋጁ ጽሑፉን ሳያነበው ነው ያወጣው። እኔው ራሴ፣ ጊዜው ክፉ ነው ብዬ፣ ብዕሬን ይዤ ስማቸውን ዘለልኩ። ከሳምንት በኋላ አንድ አንባቢ አጭር ደብዳቤ ላኩልኝ፦ “ዋንጫው በራሱ እግር ነው የመጣው?” የሚል። ደብዳቤውን አላወጣሁትም። መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩትና ሥራ ስቀይር እዚያው ተውኩት።

ስለዚህ መምህሩን የተቆጣሁት በከፊል ራሴን ስለሆነ ነው። እሳቸው በለሆሳስ የተናገሩትን እኔ በሺህ ቅጂ አትሜዋለሁ።

ይህንኑ ነገርኳቸው። መምህሩ ዓሣቸውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡና “እንግዲያው ሦስተኛ ይግባ፤ ሙሉጌታ ወደ አራት ይውረድ” አሉ። “የለም የኔታ፣ ሁለተኛ ነው። የሚወርዱት ይድነቃቸው ናቸው” አልኩ። በዚህ ሳንስማማ ቀረን፤ የሚበሉት ዓሣም ቀዘቀዘ። ልጁ ግን ጣቱን እየቆጠረ ዝም ብሎ ቆይቶ፣

“ጋሼ፣ ወንድሙስ ስንተኛ ነው?” አለኝ።

ለኢታሎ አላሰብኩበትም ነበር።